ከእሳቱ በፊት ያለው ወረቀት
(የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

እንኳን ደህና መጣችሁ። ፒያሳ እንዲህ ከተለወጠች ወዲህ ተወልዶ ያደገባት ሰው ሳይቀር መንገድ ይጠፋዋል። ዞራችሁ ዞራችሁ አዳራሹን ላገኛችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የምሳውን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የጾም አለ። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የሙስሊም ሥጋም አለ፤ ለየብቻ ተቀምጠዋል። በዚህ ጉዳይ የመስተንግዶ ኮሚቴያችን ከብዙ መንግሥታት ይሻላል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በሃይማኖት ሰበብ ስለሚደርስ ጥቃት ሲወራ ሁላችንም የምናስበው እሳቱን ነው። ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ ጎንደር ላይ ቀብር ሊቀብር የወጣ ሰው ሲገደል፣ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲጋዩ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ማሰብ ይከብደዋል። ግን ብዙ ጊዜ ከእሳቱ በፊት አንድ ወረቀት አለ። ፎርም አለ፣ ማህተም አለ፣ «አይመለከትህም» የሚል ጸሐፊ አለ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ወረቀት ነው።

ሚያንማር እ.ኤ.አ. በ1982 የዜግነት ሕግ አወጣች። ዕውቅና ካገኙት ብሔረሰቦች መካከል ሮሂንጂያዎች አልተቆጠሩም። አገሩ በብዛት የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው፤ እነሱ ሙስሊሞች ናቸው። ወረቀት ማንን ይገድላል? ያስብላል። ግን ዜግነት የሌለው ሰው ከመንደሩ ለመውጣት ፈቃድ ይለምናል። ለማግባት ፈቃድ ይለምናል። ሕጉ በወጣ በ35 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017፣ ወታደሩ መንደሮቻቸውን ማቃጠል ሲጀምር ከ700 ሺህ በላይ ሰው ወደ ባንግላዲሽ ሸሸ። ጎረቤት ለምን ዝም አለ ብላችሁ እንዳትገረሙ። ለጎረቤቱ የሄዱት ድሮውንም «የውጭ ሰዎች» ነበሩ። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2019 ዘሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ያቀረበችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ጋምቢያ ናት። ያቺ በካርታ ላይ እንደ ክር የቀጠነች አገር። ትልልቆቹ አገሮች መግለጫ ሲያወጡ እሷ ክስ አቀረበች። አፍሪካዊ በመሆኔ ከኮራሁባቸው ቀናት አንዱ ያ ነው።

የኢራን ሕገ መንግሥት ዞራስትራውያንን፣ አይሁድንና ክርስቲያኖችን ያውቃል። እዚያው ኢራን ውስጥ የተወለደውን የባሃኢ እምነት ተከታዮች ግን አያውቅም። ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ ስለተከለከሉ እ.ኤ.አ. በ1987 በየሰው ሳሎን የሚማሩበት የራሳቸውን ተቋም አቋቋሙ። ግብፅ ደግሞ መታወቂያ ላይ የምትጽፈው ሦስት ሃይማኖት ብቻ ነበር። እዚያ ያሉት ባሃኢዎች ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኙት ድል ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በሃይማኖት ቦታ ላይ ሰረዝ ተደረገላቸው። በቃ፣ ሰረዝ! ያስቃል። ግን ያለ መታወቂያ ባንክ ቤት መግባት የለም፣ ልጅ ማስመዝገብ የለም፣ ሥራ የለም። በፓኪስታን ሙስሊም ነኝ ብሎ ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው ራሱን ሙስሊም የሚለውን የአህመዲያ እንቅስቃሴ መሥራች የሚያወግዝ ቃል ላይ ይፈርማል። አህመዲያ የሆነ ሰው እንግዲህ ወይ ይዋሻል ወይ ሙስሊም አይደለሁም ይላል።

ወደ ቤታችን ጠጋ ስንል ኤርትራ አለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የይሖዋ ምሥክሮች በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የዜግነት መብታቸውን ተነጠቁ። ከእነሱ ሦስቱ ያኔ ታስረው የተፈቱት በ2020 መጨረሻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ያለ ክስ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ዕውቅና ያላቸው አራት ቤተ እምነቶች ብቻ ናቸው። ከአራቱ ውስጥ መሆንም አያድንም። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ ከመንበራቸው ተነስተው ለዓመታት በቁም እስር ቆዩ፤ በ2022 በዚያው አረፉ።

ሁሉም በወረቀት አይጀምርም፤ ይህን መካድ የለብኝም። አይሲስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ኢራቅ ውስጥ ሲንጃር ላይ የራሳቸው ጥንታዊ እምነት ያላቸውን ያዚዲዎችን ሲፈጅ ፎርም አላስሞላም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ሲገድልም እንደዚያው። ለዚያ ዓይነቱ ጭካኔ የእኛ ማኅበር ማድረግ የሚችለው ጥቂት ነው። ለወረቀቱ ግን ብዙ ማድረግ እንችላለን።

እኛስ? እንግዳ ፊት የቤት ጉድ አይወጣም ይባላል። እኔ ግን ላወጣው ነው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ እምቢ ያለው ተሰደደ ወይም ተገደለ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዲስ የመጡት ጴንጤዎች እንመዝገብ ብለው ጠይቀው ተከለከሉ። ካልተመዘገቡ ደግሞ መሰብሰባቸው ወንጀል ሆነና ታሰሩ። ደርግ የሁሉንም በር አንኳኳ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም፣ በዚያው በአንድ ወር፣ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚህችው ከተማ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ግን ይህ ከተማ ሌላም ታሪክ አለው። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳትርቁ የአርመኖችን ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርባ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች ተባሉ፤ የሙዚቃ ባንድ ሆኑ። የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ቤት፣ ሥራና ስም ነው የተሰጣቸው።

ከሁሉ የምወደው ቀን ግን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ነው። የዚህች ከተማ ሙስሊሞች አደባባይ ወጡ። መቶ ሺህ ገደማ ሰው ነበር ይባላል። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ በዓላችን በዓል ይሁን፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ። ብዙ ክርስቲያኖች፣ በተለይ ተማሪዎች፣ አብረዋቸው ሄዱ። እነዚያ ክርስቲያኖች ከሰልፉ ለራሳቸው ምን ያገኛሉ? ምንም። የሙስሊም በዓላት በደርግ ዘመን የሥራ መዝጊያ ሆኑ። ዛሬ ሁላችንም ቤታችን እንተኛባቸዋለን።

አሁን ትልቁ ሕጋችን ደህና ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 27 ማንም የመረጠውን እንዲያምን፣ እንዳይገደድም ይላል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ የወንጌላውያኑም ካውንስል እንዲሁ። ችግሩ የሚቀረው መስኮቱ ጋ ነው። «ነገ ተመለስ» የሚባልበት መስኮት። የመቃብር ቦታ የሚጠየቅበት መስኮት። ትንሽ ከተማ ሄዳችሁ በቁጥር አናሳ የሆነው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ ጋ ሙስሊሙ ነው፣ ሌላው ጋ ኦርቶዶክሱ፣ ሌላው ጋ ጴንጤው ወይ ዋቄፈታው። ሬሳ ይዞ መቆሚያ ያጣው እሱ ነው።

ወረቀት የሚጽፈው ደግሞ መንግሥት ብቻ አይደለም። እድራችንም ይጽፋል። የዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 ሰው ሃይማኖቱን መቀየር ይችላል ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። በየሰፈሩ ግን ሃይማኖት የቀየረ ሰው ከእድር ሲሰረዝ አይተናል። ሃያ ዓመት መዋጮ ከፍሎ፣ ሃያ ዓመት የሌላውን ሬሳ ተሸክሞ፣ የእሱ ቀን ሲደርስ ድንኳኑ አይመጣም። «ደንቡ አይፈቅድም» ይባላል። ደንቡን የጻፈው ግን የራሳችን አጎት ነው። ስለ ሚያንማር አፋችንን ሞልተን ለመናገር ይህን አስቀድመን ማጽዳት ያለብን ይመስለኛል። አንዳንዶቻችሁ «እድር የግል ማኅበር ነው፣ የፈለገውን ይደንግግ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ባለፈው ስብሰባም ተከራክረንበታል። ዛሬም እንከራከር፤ እኔ አቋሜን አልለወጥኩም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ሁለት ነገር ይዞላችሁ ቀርቧል። አንደኛው፣ የሕግ ባለሙያ አባሎቻችን ተራ ገብተው ለመቃብር ቦታና ለምዝገባ የሚመላለሱ ሰዎችን በነጻ ማመልከቻ እንዲጽፉላቸውና አብረዋቸው መስኮቱ ጋ እንዲቆሙ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዳችንን ይመለከታል። የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ኮፒ አምጡ። ሃይማኖት ስለቀየረ አባል ምን እንደሚል አብረን እናያለን፤ የሚያስወጣ አንቀጽ ካለ ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የማሻሻያ ሐሳብ እናዘጋጃለን። የእኔን እድር ደንብ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንቀጹ አለበት።

ከሻይ በፊት ሪፖርቱን እንጨርስ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ወደ መድረኩ ይምጡ።