«እኔ እንዲህ ነኝ» ከማለታችን በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ግማሽ ቀን የለፋበትን ጽሑፍ ሴቭ ሳያደርግ ኮምፒውተሩን የዘጋ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ግንባሩን ይመታና «ደደብ! እኔ እኮ ደደብ ነኝ!» ይላል። የሆነው ነገር ሴቭ አለማድረጉ ነው። ለእሱ መላ አለው፤ ነገ በየመሃሉ ሴቭ ማድረግ። ለ«ደደብ ነኝ» ግን ምን መላ አለው? ነገ ጠዋት ተነስቶ ደደብነትን መተው ይቻላል እንዴ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች «ነኝ» ነው። አንድ ቀን ያደረግነውን ነገር ይዛ የዕድሜ ልክ መታወቂያ ታደርግብናለች።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሱዛን ጌልማንና ጌይል ሄይማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የ5 እና የ7 ዓመት ልጆችን ይዘው ቀላል ጥናት ሠሩ። ለአንዳንዶቹ ስለ አንዲት ልጅ ሲያወሩ «ባገኘች ቁጥር ካሮት ትበላለች» አሏቸው። ለሌሎቹ ደግሞ «ካሮት በሊታ ናት»። ወሬው ያው ነው። ግን «ካሮት በሊታ» የሚለውን ስም የሰሙት ልጆች፣ የልጅቷ ፀባይ በቀላሉ የማይለቃት እንደሆነ ይበልጥ አመኑ። ይኼ እንግዲህ ካሮት ነው። «ሰነፍ»፣ «ፈሪ»፣ «የማይረባ» እየተባለ ላደገ ሰውስ?

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል አይደል? ለሌላው ስንናገር ነው ትዝ የሚለን። ለጓደኛችን በፍጹም የማንለውን ስድብ ለራሳችን ስንደረድር ውለን፣ ማታ ደግሞ «ሞራሌ ወደቀ» እንላለን።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን ሌላው ነው። «እኔ ግልፍተኛ ነኝ፣ ባህሪዬ ነው፣ ቻሉኝ» የሚለው። ሲሰሙት ራሱን የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ግን ልብ በሉ፣ ሥራውን በሙሉ ለሌላው አሸክሞታል፤ እሱ ይጮሃል፣ ቤተሰቡ ይችላል። አለቃው ሲያናድደው ግን ድምፁ አይሰማም። ያኔ ባህሪው የት ሄደ? ስለዚህ እውነተኛው ዓረፍተ ነገር «ደክሞኝ ቤት ስገባ፣ መልሶ የማይጮህብኝ ሰው ላይ እጮሃለሁ» የሚለው ነው። ይረዝማል፣ ያሳፍራልም። ግን መቼና ማን ላይ እንደሚጮህ ይናገራል፣ ከዚያ መጀመር ይቻላል።

«በቃ ቀና ቀናውን ማውራት ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ድንቅ ነኝ» ማለት። ቢሠራ ደስ ባለኝ። ጆአን ውድ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ አድርገው ነበር። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ጭራሽ ባሰባቸው። ለምን ቢባል፣ ሰው ራሱን በቀላሉ አይሸውድም፤ አፉ አንድ ሲል ውስጡ «ኧረ ባክህ!» ይላል። ለነገሩ «ድንቅ ነኝ»ም ያቺው «ነኝ» ናት፣ ልብስ ቀይራ የመጣች።

ትንሽ የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ። ኢታን ክሮስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች በድንገት ንግግር እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ከመናገራቸው በፊት ግማሾቹ «ለምን ፈራሁ?» እያሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ራሳቸውን በስም እየጠሩ «እገሌ ለምን ፈራ?» እያሉ ከራሳቸው ጋር አወሩ። በስማቸው የጠሩት የተሻለ ተናገሩ፣ ካለቀም በኋላ ያን ያህል አልተብሰለሰሉም። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም፤ «እገሌ» ስንል ለሌላ ሰው የምንሰጠውን ትዕግሥት ለራሳችንም እንሰጣለን። (እኔም እዚህ ከመውጣቴ በፊት ስሜን ጠርቼ አውርቻለሁ። እንዴት እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።)

ቃል ብቻውን ዕዳ አይከፍልም፣ በሽታም አያድንም። ሐዘኑ የከበደበት ሰው ሐኪም ማየት አለበት፤ እዚያ ላይ ምክሬን አልዘረጋም።

ግን ልጃችሁ «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን ሲወረውር «አይዞህ፣ አንተ ጎበዝ ነህ» ለማለት አትቸኩሉ። «የቱ ጋ ነው ያልገባህ?» በሉት። መጀመሪያ «ሁሉም!» ይላል። ጠብቁት። ቆይቶ ደብተሩን ያነሳና «እዚህ ጋ፣ ታችኛው ቁጥር ሲለያይ እንዴት እንደሚደመር» ይላል። እሱን ደግሞ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ጥያቄ ያለው ካለ ማይኩ ይኸው። አመሰግናለሁ።