ምን ይወድ ነበር?

የተከበራችሁ የቅሬያችን (የዕድራችን) አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ ጳጉሜን 5 ነው። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ሲሯሯጥ እናንተ ጭቃውን ረግጣችሁ ጦሳ ተራራ ሥር መጣችሁ። እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን። ይህ ቀን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚሞት ይናገራል። በአንዱ ዓመት ቁጥር ውስጥ ታናሽ ወንድሜ አለበት።

ያኔ "በድንገት አረፈ" አልን። እናቴ እንዲያ በሉ አለች፣ አልን። ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛው መጣ፣ ንፍሮው ተበላ። ሰው ግን ያውቅ ነበር። እንደሚያውቅም እናውቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን የጠራ የለም። ፎቶውን እንኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትነው።

አንድ ቀን የሰፈራችን ልጅ እንደ ወንድሜ ሞተ። የቅሬው ተራ የእኔ ስለነበር ድንኳን ልተክል ሄድኩ። ካስማውን ስመታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባትየው አጠገቤ ቆመዋል። "አባባ፣ የእኔም ወንድም እንዲሁ ነው የሞተው" አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። የራሳቸው ልጅ ሬሳ ገና ቤት እያለ እጄን ያዙና "ምን ይወድ ነበር?" አሉኝ።

ኳስ አልኳቸው። ሆጤ ሜዳ ማልዶ ሄዶ ሲመሽ የሚመለስ ልጅ ነበር። ያን ዕለት ነው በደንብ ያለቀስኩት።

እንዲህ ሰው የሞተብን አሁን ሰባት ሆነናል። እኛ የምንሄደው ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ ሰው ሲበተን ነው። ቡና ይዘን እንገባለን። "ለምን?" ብለን አንጠይቅም፤ ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ሲጠይቅ ነው የሚያድረው። "ባውቅ ኖሮ" የሚለው ነገር እኔንም አልለቀቀኝም። ድኛለሁ አልልም። ግን ሌላው ቤት ቁጭ ባልኩ ቁጥር ደረቴ ቀለል ይለኛል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመካከላችን መኖር የከበደው ካለ ዛሬውኑ ለአንዳችን ይንገር። ጨጓራ ሲያመን ሆስፒታል እንደምንሄደው ሁሉ አብረን እንሄዳለን። ነውር የለውም።

በሐምሌ የተከልናቸው ወይራዎች ጸድቀዋል፤ አረሙ ግን ሊውጣቸው ነው። ዶማ ያልያዛችሁ ከልጆቹ ተቀበሉ። እናቴ እዚያ ጥግ፣ የወንድሜ ወይራ ጋር ናት። ዘንድሮ መጥታለች። እባካችሁ ጠጋ በሉና ስለ ልጇ ጠይቋት።