ቀይ እስኪሆን የጠበቅሁት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት በኮምፒውተሬ ስክሪን ጥግ ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ ምልክት ነው።

በብዛት የምሠራው ክሮም በሚባለው የጎግል ብራውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ በምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ነው። ክሮም የደህንነት ማሻሻያ አውርዶ ዘግተን እስክንከፍተው ሲጠብቅ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያለችው ምልክት ቀለም ትይዛለች። ማሻሻያው ከወጣ ሁለት ቀን ካልሞላው አረንጓዴ ናት። አራት ቀን ገደማ ሲሆነው ብርቱካናማ ትሆናለች። ሳምንት ሲደፍን ትቀላለች። ይህችን ምልክት ዓመታት ሙሉ እያየሁ አልፌያታለሁ። ምክንያቴ የብዙዎቻችሁም ሳይሆን አይቀርም፦ የተከፈቱ ገጾች። ግማሹን ያነበብሁት ጽሑፍ፣ ነገ እመለስበታለሁ ያልሁት ቪዲዮ፣ ከየት እንዳገኘሁት የማላስታውሰው ሰነድ። «ከዘጋሁት ይጠፋብኛል» እያልሁ ከዛሬ ነገ አሳድረዋለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ምልክቷ ቀልታ አገኘኋት። እስቲ ምን ይዞ መጣ ብዬ ከማሻሻያው ጋር የወጣውን መግለጫ ከፍቼ አነበብሁ። የተደፈኑት ክፍተቶች በተራ ተዘርዝረዋል። ከሥር አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ ከተዘረዘሩት አንዱን ክፍተት አጥቂዎች ቀድመው እየተጠቀሙበት መሆኑን ጎግል እንደሚያውቅ የምትናገር። ደግሜ አነበብኋት። ሳምንቱን ሙሉ የባንክ ሒሳቤን የከፈትሁት፣ ደብዳቤ የተጻጻፍሁት፣ የይለፍ ቃሌን ያስገባሁት ያ ቀዳዳ ባለበት ብራውዘር ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ እዚያው እጄ ላይ ወርዶ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማሻሻያ ሲወጣ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ቁስሉ የት እንደነበረም አብሮ ይታወጃል። ሙያው ያለው ሰው አሮጌውንና አዲሱን ኮድ ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለወጠውን መስመር ይፈልጋል፤ ያ መስመር በቀጥታ ወደ ቀዳዳው ይመራዋል። የክሮም መሠረት የሆነው የክሮሚየም ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ጥገናው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንኳ ሊታይ ይችላል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ፣ ማለትም ከ116ኛው እትም ወዲህ፣ የደህንነት ማሻሻያዎችን በየሁለት ሳምንቱ ማውጣቱን ትቶ በየሳምንቱ ያደረገው፣ ጥገናው ለሰው ከታየ ጀምሮ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ለማሳጠር ነው። እነሱ አሥራ አራቱን ቀን ወደ ሰባት ለማውረድ ሲደክሙ፣ እኔ የቀነሱትን ሰባት ቀን መልሼ እጨምርበታለሁ።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የሆነውን ላንሳ። ዌብፒ የሚባል የምስል ዓይነት አለ። ይህን ምስል ፈትቶ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ሊብዌብፒ የተባለ፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ ነው። ኮዱ ምስሉን ለመፍታት ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ለሰንጠረዡም ማህደረ ትውስታ ላይ የተወሰነ ቦታ አስቀድሞ ይይዛል። በተንኮል የተዘጋጀ ምስል ግን ሰንጠረዡን ከተያዘለት ቦታ በላይ ያሳብጠዋል። ሞልቶ የተረፈው ወደ ጎረቤት ቦታ ይፈስሳል፣ እዚያ በነበረው ላይም ይጻፍበታል። አጥቂው የሚመኘው ይህችን ነው፤ በዚህች በኩል የፕሮግራሙን አካሄድ ወደ ራሱ ፈቃድ መጠምዘዝ ይችላል። ተጠቂው ያወረደው ፋይል የለም፣ የተቀበለው ፕሮግራም የለም። ሥዕል ብቻ አየ።

ክፍተቱን ያመለከቱት የአፕል የደህንነት ባለሙያዎችና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም ነበሩ። ጎግል ሴፕቴምበር 11 ቀን ክሮምን ጠገነ፤ ሞዚላ በማግሥቱ ፋየርፎክስ የተባለውን የራሱን ብራውዘር። በክሮሚየም ላይ የተሠሩት ሌሎች ብራውዘሮችም ያንኑ ኮድ ተሸክመው ስለነበር እየተከታተሉ ጠገኑ። በዚያ ሳምንት «የትኛው ብራውዘር ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ የምርት ስም አልነበረም። ብራውዘሩን ዘግቶ የከፈተ ተጠበቀ፤ ያልከፈተ አልተጠበቀም።

ይህን ስል ምርጫ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ይዞት የመጣው ሳንድቦክስ የሚባለው አሠራር፣ ገጹን የሚያነበውን ክፍል ከቀሪው ኮምፒውተር ለይቶ ያጥረዋል፤ አጥቂው አንድ ግድግዳ ቢያፈርስ ሁለተኛ ይጠብቀዋል። በ2018 ደግሞ ክሮም እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ክፍል አስገባው፤ ፋየርፎክስም በ2021 ተከተለ። የክሮሚየም መሐንዲሶች በ2020 እንዳስታወቁት ከከባድ የደህንነት ስህተቶቻቸው 70 በመቶ ያህሉ ከማህደረ ትውስታ አያያዝ የሚመጡ ናቸው፤ የዌብፒው ስህተት የዚሁ ዘር ነው። ሞዚላ ያሳደገው ሩስት የተባለው የኮድ ቋንቋ ይህን ዘር ከሥሩ ለመንቀል የታሰበ ሲሆን፣ ከ2016 ጀምሮ ገጹን ፈትቶ ስክሪን ላይ በሚያወጣው የፋየርፎክስ ክፍል፣ ማለትም በሞተሩ፣ ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ስሙ ብዙ ነው እንጂ በሰፊው የምንጠቀምባቸው ሞተሮች ሦስት ናቸው፦ የክሮሚየሙ ብሊንክ፣ የፋየርፎክሱ ጌኮና የአፕል ሳፋሪ የሚሠራበት ዌብኪት። ስለዚህ በክሮሚየም ላይ የተሠራ አዲስ ስም ያለው ብራውዘር «እኔ እበልጣለሁ» ሲለኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ክሮም ከተጠገነ በኋላ ያንኑ ጥገና ለተጠቃሚዎቹ የሚያደርሰው በስንት ቀን ነው? አንድ ሁለት ቀን ከሆነ መልካም። ሳምንታት የሚወስድበት ከሆነ፣ ማስታወቂያ ቢያግድ፣ መልኩም ቢያምር፣ አልጭነውም።

ተቀጥላዎችን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የምንጨምራቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ የማንጠቀምባቸውን ገጾች የሚያስተኛ ተወዳጅ ተቀጥላ በ2020 ለሌላ ባለቤት ተላለፈ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ጎግል ተንኮል አዘል ነው ብሎ ከየብራውዘሩ ዘጋው። የጫነው ሰው ምንም አልለወጠም፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ የራሴን ስቆጥር ዘጠኝ ተቀጥላ አገኘሁ። አምስቱ በምጎበኘው ገጽ ሁሉ ላይ ያለውን እንዲያነቡና እንዲለውጡ ፈቃድ የሰጠኋቸው ነበሩ። ሁለት ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አጠፋሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ።

ታላቅ እህቴ ሰሞኑን «የትኛውን ብራውዘር ብጭን ይሻለኛል?» ብላ ደወለችልኝ።

«እታለም፣ ያለሽ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው?» አልኋት።

«እሱን አላውቅም። ከላይ የሚወጣ ጽሑፍ አለ፤ እሱን እዘጋዋለሁ እንጂ ሌላ ችግር የለበትም።»

ሄጄ አየሁት። ዊንዶውስ 7 ነው። ለዚህ ዊንዶውስ የወጣው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው እትም ነው፤ ጥግ ላይ ያለችው ምልክት ምንም ቀለም አልያዘችም፤ የሚመጣ ማሻሻያ የለማ! አረንጓዴም፣ ቀይም የላትም። ከሁሉ ያስፈራኝ ይህ ጸጥታ ነው። ብራውዘር መለወጥም ከሥር አያድናትም፤ ማይክሮሶፍት ለአብዛኛው ተጠቃሚ የዊንዶውስ 7ን የደህንነት ጥገና ያቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው። እህቴ ግን የልጆቿ ፎቶግራፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ ኮምፒውተሩን መንካት ትፈራለች። እኔ ገጾቼን እንደምፈራላቸው ማለት ነው፤ የእሷ ፍርሃት ግን ከእኔ ይልቅ ምክንያት አለው።

የባንክ ጉዳይዋን ለጊዜው ወደ ስልኳ አዛውረናል፤ ስልኩ አሁንም ማሻሻያ ይደርሰዋል። ቅዳሜ ፎቶግራፎቹን በውጫዊ ዲስክ ላይ እንገለብጣለን፤ አንድ በአንድ መከፈታቸውን እሷ ራሷ ታያለች፤ ከዚያ አዲስ ዊንዶውስ እንጭናለን፤ ማሽኑ ካልቻለው ሌላ እንፈልጋለን።

የእኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ነበረች። ሞልቼ ያልላክሁት ቅጽ ነበረኝ፤ መጀመሪያ እሱን ላክሁ። ከዚያ ዘግቼ ከፈትሁ። ገጾቹ በሙሉ በየቦታቸው ተመለሱ፤ ያ ግማሹን ያነበብሁት ጽሑፍም ጭምር።

ደህና ሰንብቱ።