«ዓረብኛ አነባለሁ፤ ይሄን ግን ማንበብ አቃተኝ»

ከጅዳ የደወሉ አድማጭ፦ «የፋትሂ ሐሰንን ሥዕል ልጄ በስልክ ላከችልኝ። ፊደሉ ዓረብኛ ይመስላል። ዓረብኛ አነባለሁ፤ ግን አንድ ቃል እንኳን ማውጣት አልቻልኩም። ችግሩ የኔ ነው?»

ኧረ አይደለም! እንዳይነበብ ተብሎ የተጻፈ ነው። ፋትሂ ሐሰን በ1957 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ተወለደ። ኑብያዊ ዘር አለው። በ1979 ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ፣ ናፖሊ ሄደ። መነሻው ኩፊ የሚባለው፣ ማዕዘን የሚበዛበት የዓረብኛ ቁም ጽሕፈት ነው። የፊደሉን መልክ ይወስድና ቃሉን ይተወዋል።

ለምን ቢሉ፣ ኑብያ ድሮ የራሷ ጽሑፍ ነበራት። ከግሪክ ፊደል የመጣ ነው፤ ግሪክ ለሌለው ድምፅ ከቅብጥ (ከግብፅ ክርስቲያኖች) እና ከመርዌ (ከጥንቱ የሱዳን መንግሥት) ፊደል ተዋሱለት። መጻፉ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ ቀረ። ቋንቋው ግን በየቤቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። ፊደሉን እያዩ አለማንበብ እንዴት እንደሚያበሳጭ እርስዎ አሁን ቀምሰውታል። ሠዓሊው የፈለገውም ይሄንኑ ይመስለኛል።

ከጎንደር፦ «ኑብያ አሁንም አለች ወይ? ሥዕሎቹ ላይ ለምን ቤትና ሳህን ይበዛል?»

ኑብያ በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን በዓባይ ዳር ያለች ምድር ናት። ትልቁ ክፍሏ በ1960ዎቹ በአስዋን ግድብ ውኃ ተዋጠ። ከሁለቱም አገር 100 ሺህ ገደማ ሰው ተነሣ። የሱዳኖቹ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች የሰፈሩት ኻሽም አል ጊርባ፣ አትባራ ወንዝ አጠገብ ነው። አትባራ ማለት የእናንተው ጓንግ ነው፤ ድንበር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል።

ውኃ የዋጣቸው ቤቶች የጭቃ ነበሩ። ግድግዳው በኖራ ተለቅልቆ አዞና አበባ ይሣልበታል፤ ከበሩ በላይ የሸክላ ሳህን ይተከላል። ዛሬ «ሚክስድ ሚዲያ» የምንለውን፣ ቀለምና ዕቃ አንድ ላይ ማዋሃዱን፣ እነዚያ ሰዎች ስም ሳይሰጡት ሠርተውታል። ቤቱና ሳህኑ የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ፦ «እኔም በፊደላችን እንዲህ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

ከቁም ጽሕፈት ጀምሪ፣ እህቴ። ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ፊደል የቆጠረው አባቱ በሚያስተምሩበት የቁርኣን ቤት፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ለንደን ተምሮ ሲመለስ ሥራውን ካርቱም ላይ አሳየ፤ ሰው ፊቱን አዞረበት። ያን ጊዜ ሠዓሊው፣ ሕዝቡ ቤቱ የሚሰቅለውን ማየት ጀመረ፤ ቁም ጽሕፈት ነበር። ፊደሉን ሰባበረው፤ በስባሪው መሐል የሰውና የእንስሳ መልክ ወጣ። መስበር የቻለው እጁ ስለሚያውቀው ነው። የኛው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም «ሀ»ን ሲያጣምም ተመልከቺው፤ ተጣሞም «ሀ»ነቱን አይለቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ሥዕልሽ ላይ ጋዜጣ አትለጥፊ። አሲድ ስላለው ቶሎ ይወይባል። ግዴታ ከሆነብሽ ፎቶኮፒውን ደህና ወረቀት ላይ አውጥተሽ እሱን ለጥፊ።

ከዋሽንግተን፦ «የፋትሂን ሥራ እዚህ በዓይኔ ማየት እችላለሁ?»

የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሥራው አለው። ግን ቀድመው ይደውሉ። ወረቀት ብርሃን አይወድም፤ ብዙ ጊዜ መጋዘን ነው የሚቀመጠው።