አንድ በጀት ሳይዙ

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ የከተማችን ብርድ ነው፣ ቻሉት። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቀድሞው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር፣ ስለ ዶክተር አምባቸው መኮንን ላወራ ነው።

የእኛ አካባቢ ሰው ስማቸው ሲነሳ የሚለው ነገር አለ፦ «እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ!» ለቅሶ ቤትም፣ ታክሲ ውስጥም። ቢኖሩ ኖሮ ምን? ሁሉም እንደፈለገው ይጨርሰዋል። አንዱ ጦርነት አይኖርም ነበር ይላል። ሌላው መንገዳችን ይሠራ ነበር ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ሰውየውን ስለምጠላ አይደለም፣ በፍጹም።

የካቲት 29 ቀን 2011 የአማራ ክልል ምክር ቤት በአቶ ገዱ አንዳርጋቸው ቦታ ሾማቸው። ሰኔ 15 ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ እያሉ ተገደሉ። አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴም አብረው። ቅዳሜ ነበር። ማታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡ፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ማን ምን አደረገ የሚለው ብዙ ተብሎበታል፣ ዛሬ እሱ ውስጥ አልገባም። በሥልጣን ላይ የቆዩት 106 ቀን ነው።

ሥራዬ ፋይናንስ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ይቅር። የእኛ አዲስ ዓመት፣ በጀት ዓመቱ ማለቴ ነው፣ ሐምሌ 1 ነው። ሰኔ ደግሞ ሂሳብ መዝጊያ። ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋ ክፍል ሁሉ ሰኔ ላይ ይባንናል። ግዢ ይጣደፋል፣ የጠፋ ደረሰኝ ይፈለጋል፣ ለአንድ ፊርማ በር ላይ ሰልፍ ነው። ሰኔ 30 ካለፈ ያልተነካው ብር ተመላሽ ነዋ!

እና ዶክተር አምባቸው የሞቱት በጀት ዓመቱ ሊዘጋ 15 ቀን ሲቀረው ነው። የሠሩበት በጀት እሳቸው ሳይመጡ የጸደቀ ነበር። የራሳቸውን አላዩትም። ኬንት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የሠሩ፣ በፌዴራል ደረጃ ሚኒስትር የነበሩ ሰው!

ታዲያ ምን ገጠማቸው? በተሾሙ በወሩ ገደማ አጣዬና ካራቆሬ ላይ ግጭት ተነሳ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ተዘጋ። ያኔ እኛ ሰፈር ሻይ ቤት አንድ የአጣዬ ጨርቅ ነጋዴ ይመጣ ነበር። ከሱቁ ይዞ የወጣው የዱቤ ደብተሩን ብቻ ነው። ሻዩን ይይዝና ማን ስንት እንዳለበት ያነብልናል። አንዳንድ ስም ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ስለ አዲሱ ርዕሰ መስተዳድር ሰው ሲጠይቀው «ገና ወንበሩን ሳያሞቁት!» ይል ነበር። ያን ያህል ከጠፋበት ሰው እንዲህ ያለ ፍርድ አልጠበቅኩም።

አጣዬ በ2013 ዳግም ስትቃጠል ወንበሩ ላይ የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር ናቸው። በመሃል አቶ ተመስገን ጥሩነህ መጥተው ሄደዋል። ከዚያ ዶክተር ይልቃል ከፋለ፣ ከዚያ አቶ አረጋ ከበደ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015፣ በአራት ዓመት ተኩል አምስት ሹመት! አቶ አገኘሁም በ2013 ገብተው መስከረም 2014 ወጡ፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ አንድ ሙሉ በጀት ዓመት አልያዙም። እሳቸው ደግሞ የሄዱት ወደ ሌላ ሹመት ነው። እንግዲህ ወንበሩ ራሱ ዕድሜ የለውም። በወረዳ ያለነው ሰዎች የመንገድና የውኃ ጥያቄያችንን ለአዲስ ሰው እንደ አዲስ ማስረዳት ለምደናል፤ ደብዳቤው ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል።

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ «ቢኖሩ ኖሮ» ከሚሉት አንዱ ነው። አንድ በጀት እንኳ ሳይዙ ስለሄዱ ሰው ጥሩ አስተዳደሩም መጥፎ አስተዳደሩም ማለት አልችልም አልኩት። ተናደደ። «አንተ ሰውን በደረሰኝ ነው የምትለካው!» አለኝ።

አዎ፣ ርዕሰ መስተዳድር ከሆነ በደረሰኝ ነው። በሉ፣ ሰላም ሁኑ።