ሁሉም የሚያውቀው ቤት (የፖድካስት ውይይት)

ትዕግስት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነን። ውጭው ብርድ ነው፣ እኛ ጋ ግን የገብስ ቆሎም ትኩስ ሻይም አለ። ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?

ጋሽ ሀብታሙ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ያ የሰጠሽኝ መጽሐፍ ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ።

ትዕግስት፦ ላልሰሙት ልንገራቸው። የሆሊ ጃክሰን «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ የጸሐፊዋ የመጀመሪያ ልብ ወለድ። ሁለት መጻሕፍት ተከትለውታል። ለወጣቶች የተጻፈ የወንጀል ታሪክ ነው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ «ይሄ የልጆች ነው» ብለው እንዳይመልሱልኝ ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ሀብታሙ፦ ምን በወጣኝ! ገና ከመጀመሪያው ገጽ ያዘኝ። ፒፕ የምትባል ተማሪ አንድ ቤት በር ላይ ትቆማለች። ቤቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ የሚያልፍ ሰው እርምጃውን ያፈጥናል። እዚያ ላይ መጽሐፉን አጠፍኩት። እንዲህ ያለ ቤት አውቃለሁ።

ትዕግስት፦ ወደዚያ እንመለሳለን ጋሼ። መጀመሪያ ታሪኩን ላስጨብጣቸው። ማን ገደለ የሚለውን አልነግራችሁም፣ አትስጉ። ሊትል ኪልተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ በምናብ የተፈጠረች። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲ ቤል የምትባል ተማሪ ጠፍታለች። አስከሬኗም አልተገኘም። ጥቂት ቀን ቆይቶ የፍቅር ጓደኛዋ ሳል ሲንግ ጫካ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ለአባቱ የጥፋተኝነት መልእክት ልኮ ነበር ተባለ። ፖሊስ መዝገቡን ዘጋ። ከተማውም «ገዳዩ ሳል ነው» ብሎ ተስማማ። ፒፕ ግን ሳልን በልጅነቷ ታውቀዋለች፣ ደግ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ተማሪ ራሱ ርዕስ መርጦ የሚሠራው ፕሮጀክት አለ፤ እሷ ይህንን መረጠች።

ጋሽ ሀብታሙ፦ የቆመችበት በርም የሳል ቤተሰብ በር ነው።

ትዕግስት፦ አዎ። የሚከፍትላትም ታናሽ ወንድሙ ራቪ ነው።

ጋሽ ሀብታሙ፦ ራቪ! እኔ የማነበው ለራቪ ስል ነው። አንባቢው ሁሉ ገዳዩን ይፈልጋል። እኔ የፈለግኩት ያ ልጅ በሰላም ገበያ ወጥቶ የሚገባበትን ቀን ነው። እሱ ምን አጠፋ? ወንድሙ ተከሰሰ እንዳይባል፣ ክስ እንኳን አልነበረም። ሞቶ የተገኘ ልጅ ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ጠበቃ አያቆምም። በእኛ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ሳል ግን እዚያ ሂደት ላይ አልደረሰም። የፈረደው ሰፈሩ ነው። ለሰፈር ፍርድ ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ትዕግስት፦ አሁን ስለዚያ እርስዎ ስለሚያውቁት ቤት ይንገሩን።

ጋሽ ሀብታሙ፦ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። እኔ መንዝ ውስጥ ትንሽ ልጅ ነኝ። በሬ ጠፋ። ያን ጊዜ አውጫጪኝ የሚሉት ነበር። ሌባው ካልታወቀ ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሌባው እስኪወጣ ወደ ሥራ መመለስ የለም። ፖሊስ በሌለበት አገር ይሄ ብዙ የጠፋ ከብት አስመልሷል፣ አልክድም። ግን አስቢው። ሰዉ ይርበዋል። ደመና ይመጣል። አዝመራው ሜዳ ላይ ነው። ያኔ አንዱ ስም ይጠራል። ሌላው «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል። በእኛ ጊዜ የአንድ ምስኪን ሰው ስም ተጠራ። በሬው ግን አልተገኘም።

ትዕግስት፦ ሰውየው ምን ሆነ?

ጋሽ ሀብታሙ፦ ሰውየው ከፈለ። ልጁ ግን አብሮኝ ይማር ነበር፣ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው። በማግሥቱ እኔ ቦታ ቀየርኩ። ማንም ቀይር አላለኝም። ሁሉም ከእሱ ሲርቅ አየሁና ራቅሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጁ ትምህርቱን ተወ። ፒፕ ያንን በር ስታንኳኳ የታየኝ ያ አግዳሚ ነው። ይህችን ልጅ ያከበርኳት ለዚህ ነው። እኔ ያላደረግኩትን አደረገች።

ትዕግስት፦ እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ጋሼ። ሳነበው «ቀጥሎ ማን ይጠረጠራል» እያልኩ ነበር የምሮጠው።

ጋሽ ሀብታሙ፦ መሮጡም ደግ ነው። መጽሐፉ የተሠራው እንዲያስሮጥ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ከአውጫጪኝ ሌላ፣ አባቶቻችን የሚያወሩት ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባ ቤት ይባላል። በኋላ በመንግሥት ተከለከለ። እዚያ ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም፣ መሣሪያ ነው። ፒፕ ደግሞ እንደዚያው ልጅ ናት፣ ግን ጠያቂዋ ራሷ ናት። «እንዴት አወቅህ? የት ሆነህ አየህ? በስንት ሰዓት?» ትላለች።

ትዕግስት፦ በተለይ ሰዓቱ! የሳል ጓደኞች መጀመሪያ «ያን ማታ ከእኛ ጋር ነበር» ብለው ቃል ሰጡ። በኋላ «ዋሽተን ነው» አሉ። ከተማው ያመነው ሁለተኛውን ቃል ነው። ፒፕ ደግሞ «ለምን ቀየሩት?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሀብታሙ፦ የመጽሐፉ ቁልፍ እሱ ነው። ከዚህ በላይ ከተናገርን እናበላሸዋለን።

ትዕግስት፦ እሺ፣ ወደ አነባበቡ እንምጣ። ብዙ ልጆች «እንግሊዝኛው ይከብደናል» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ ሀብታሙ፦ ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ብዙ አላየሁም። ከትረካው መሀል የፒፕ የፕሮጀክት ማስታወሻ ይገባል። ቃለ መጠይቅ አለ፣ ካርታ አለ፣ እየረዘመ የሚሄድ የተጠርጣሪ ስም ዝርዝር አለ። የቃለ መጠይቁ ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፣ እንደ ሰው ወሬ ይፈሳል። ትረካው ሲከብድሽ ማስታወሻው ላይ ትደርሺና ትንፋሽ ታገኛለሽ። ፒፕ ያለፈውን ደግማ ስለምታስቀምጥም ያመለጠሽን ትይዣለሽ። እያንዳንዱን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አትፈልጉ። ቃሉ ሦስት ጊዜ ከመጣ ያኔ ፈልጉት። ደብተር ያዙ፣ እንደ ፒፕ የራሳችሁን ተጠርጣሪ ጻፉ።

ትዕግስት፦ እኔ ስልኬ ላይ ነበር የምጽፈው። ሦስት ጊዜ ስም ሰርዣለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆች አለኝ፤ ታሪኩ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅና ጾታዊ ጥቃት ይነሳል። ለትንሽ ልጅ አልሰጠውም። ሁለተኛ ደረጃ ለደረሰ ልጅ ግን እሰጣለሁ፣ ቢቻል ወላጅም አብሮ ያንብበው።

ጋሽ ሀብታሙ፦ እደግፋለሁ። ደብቆ ከሚያነበው አብሮ ማውራት ይሻላል።

ትዕግስት፦ «ተከታታይ ፊልሙን ልየው ወይስ መጽሐፉን ላንብብ?» ብላ የጠየቀች አድማጭ አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ቢቢሲ ላይ ወጥቷል፣ ፒፕን የምትሠራው ኤማ ማየርስ ናት። እኔ አስቀድሚ መጽሐፉን እላለሁ። ፊልሙ ፊት ያሳይሻል፣ ማስታወሻዎቹን ግን በራስሽ ፍጥነት ተመልሰሽ አታነቢያቸውም። የአሜሪካው እትም ደግሞ ታሪኩን ከእንግሊዝ አውጥቶ ኮነቲከት ወስዶታል። የከተማው ስም ሌላ ሆኖ ብታገኙት አትደናገሩ።

ጋሽ ሀብታሙ፦ እንዲያውም ይሄ ደስ ይላል። ከተማው ቢቀየርም ታሪኩ አልተናጋም። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ብታመጪውም ይቆማል። ገበያው፣ ዕድሩ፣ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት፣ «ወፍ ነገረኝ» የሚለው ሰው፣ ሁሉም አለን።

ትዕግስት፦ እዚህ ከተማ አንድ እንደዚህ ያለ ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ልጅ ቢነሳ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ጋሽ ሀብታሙ፦ ቢጽፍ እኔ አርምለታለሁ፣ ያለ ክፍያ። አድራሻችንን ያውቁታል።

ትዕግስት፦ ሰምታችኋል! ጋሼ፣ መጨረሻውን ሲያነቡ ምን ተሰማዎት? ሳይነግሩን ይንገሩን።

ጋሽ ሀብታሙ፦ ዘጋሁትና ያ አብሮኝ የተቀመጠው ልጅ ዛሬ የት ይሆን አልኩ። የመንዝ ሰዎችን እየጠየቅኩ ነው። ስሙን አልረሳሁትም።

ትዕግስት፦ ካገኙት ይነግሩናል?

ጋሽ ሀብታሙ፦ እሱ ከፈቀደ። አንቺ ግን በሚቀጥለው ስትመጪ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዘሽልኝ ነይ።