ስኳሩ ሲወርድ ስኳር ስጡት

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣

«ስኳር በሽተኛ ነውና ጣፋጭ እንዳታስቀምሱት» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበትን ልጅ ግን ይህ ምክር ለሞት የሚያደርስበት ሰዓት አለ። ዛሬ የምንነግራችሁ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ስለሚወርድበት ስለዚያ ሰዓት ነው።

የዚህ ልጅ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ስለማያመነጭ በመርፌ ይወስዳል። በመርፌ የገባ ኢንሱሊን ደግሞ ልጁ በላም አልበላም ሥራውን አያቆምም። ደመናማው ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋ ጉልበቱ የሚበረታው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ልክ ምሳ የሚጠበቅበት፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜም የሚኖርበት ሰዓት። የማታው መርፌ የሚበረታው ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ነው። ቀን ኳስ ሲጫወት የዋለ ልጅ ሌሊቱንም ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል፣ ወላጆች፣ እንዲህ ባለ ቀን ሳይበላ አይተኛ፤ ሌሊትም ቀስቅሳችሁ ስኳሩን ለኩ። ስሪንጁንም እዩ፦ ባለ 100 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው) ለባለ 40 ኢንሱሊን በተሠራ ስሪንጅ ከተቀዳ ልጁ የሚወስደው የታዘዘለትን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

ስኳሩ ሲወርድ ልጁ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል። እየባሰ ሲሄድ አንጎሉ ስኳር ያጥረዋል፤ ይነጫነጫል፣ የተጠየቀውን አይመልስም፣ ይፈዛል። መምህራን፣ ይህን እንደ ጥጋብ ቆጥራችሁ እንዳትቀጡት አደራ።

መለኪያ ካለ እጁን አጥቦ ይለካ፤ ብርቱካን የነካ ጣት ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳስታል። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ ግን አትጠብቁ፤ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያለ ስኳር አይገድልም። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ስኳር አልባውን ሳይሆን መደበኛውን። ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግማሹ ይበቃል። ቸኮሌት ቅባቱ ያዘገየዋል፤ እንጀራም ቶሎ አይደርስለትም። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተሻለው ያንኑ ድገሙ። ሲሻለው፣ ምሳው ገና ከሆነ፣ ዳቦ ወይም በሶ ይብላ።

ራሱን ከሳተ ወይም እንደሚጥል በሽታ ካንፈራገጠው ግን በአፉ ምንም አይግባ፤ ወደ ሳንባው ይሄድበታል። በጎኑ አስተኙት፣ ግሉካጎን (የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ መርፌ) ካለ ውጉት፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱትና «ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ነው» በሉ። በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጡታል። «ስኳር በሽታው ተነሳበት» ብሎ ኢንሱሊን መውጋት ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው።

ስለዚህ በልጁ ቦርሳም በመምህሩ መሳቢያም በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር ይቀመጥ። በፈተና መሀልም ቢሆን ሳያስፈቅድ ይብላ። ስኳሩ የወረደበትን ልጅ ደግሞ ወደ ቤቱም ሆነ ወደ ሽንት ቤት ብቻውን አትላኩት።